በስምህ የሰጠሁት ደም

ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደ ወጉ ቢሆን «ለተከበርከውና ለምወድህ» ብዬ እጀምር ነበር። መውደዱን አልካድኩም። መከበሩን ግን ይህን ደብዳቤ አንብበህ የምታደርገውን እስካይ ድረስ በይደር ይዤልሃለሁ። እንዴት ሰነበትክ? እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ እንዴት ናት? እናቷስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ቤቱ፣ ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፤ እህታችን ደህና ናት፤ ሱቄም እንደምታውቃት እስከ አፍ ገደፏ የተበላሸ የስፌት መኪና ታጭቆባት ደህና ናት።

አሁን ደግሞ የአንተን ጤና ልጠይቅ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ለአፍ ያህል እንዳይመስልህ። ቀኝ እጅህ እንዴት ነው? የሸሚዝህን የላይኛውን ቁልፍ የምትቆልፈው አንተ ነህ ወይስ ባለቤትህ? ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ስንት ጊዜ ትሞክራለህ? ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መደገፍ ጀምረሃል? ባለፈው በቪዲዮ ስንነጋገር ቀኝ እጅህን ከጭንህ ሥር ቀብረህ ተቀምጠህ ነበር። ምነው ብልህ በረደኝ አልከኝ። ግራህን ግን እያወናጨፍክ ታወራ ነበር። ያ ብርድ አንዱን እጅ መርጦ የሚይዝ ነው?

እኔ እንደምታውቀኝ ከመቆጣት መሳቅ የሚቀናኝ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በመጀመሪያው ሰደብኩህ። በሁለተኛው ለመንኩህ። በሦስተኛው ደግሜ ሰደብኩህና ሳነበው ስድቡ ጣመኝ፤ ያኔ ራሴን ፈርቼ ቀደድኩት። ይኸኛው አራተኛው ነው፤ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይደርስሃል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የማታውቀው ሆኖ አይደለም፤ የማይመችህን ነገር መርሳት ስለምትችልበት በጽሑፍ ይሁንልህ ብዬ ነው። አባታችን ግንበኛ ነበር። ውኃ ልክ ሳይጠቀም ግድግዳ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም እጅ ነበረው። አርባ አራት ዓመት ሲሞላው ጣቶቹ ብቻቸውን መጫወት ጀመሩ፤ ጡብ ከእጁ መውደቅ ጀመረ። ቀጥሎ እግሩ፣ ቀጥሎ ምላሱ፣ በመጨረሻም እኛን መለየቱ ሄደ። ጠብታ መጠጥ በአፉ ሳይዞር ሰፈሩ ሁሉ ሰካራም አለው፤ እኛም ልጆቹ በሽታ ነው ከምንል ሰካራም ነው ቢባል ይሻለናል ብለን ዝም አልን። ያ ዝምታ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው፤ ሦስታችንም እኩል አለንበት።

ከአራት ዓመት በፊት ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ቤታችን ድረስ መጥታ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ የነርቭ በሽታ መሆኑን ስትነግረን አንተም ነበርክ። አባት ወይም እናት ላይ ካለ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ሳንቲም ይወረወራል ብላ አስረዳችን። ለአንዱ የወጣው ለሌላው አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ነው። ይህን አስምርበት፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እሷ የምትፈልገው ጣት ከመሳቱ ከዓመታት በፊት ደም ውስጥ የሚታይ ምልክት ነው። እነሱ ባዮማርከር ይሉታል። ነርቭ ውስጥ ውስጡን ሲጎዳ ከእሱ የሚረግፍ አንድ ፕሮቲን አለ፤ በጣም ጥቂት ሆኖ ወደ ደም ይገባል። በየዓመቱ እየለካች ሽቅብ የሚሄድ መሆኑን ማየት ነው ሥራዋ። እኔ በበኩሌ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። የስፌት መኪና ሊነክስ፣ ደርቆ ሊቆም ሲል ወራት ቀድሞ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ይታያል። ስትሰፋበት ምንም አይልህም፣ ድምፁም ያው ነው፤ ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ስትጠርገው ግን ጨርቁ ላይ ያብለጨልጫል። ለዶክተሯ ይህን ስነግራት ወዲያው ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፤ ዛሬ ለሌሎች ቤተሰቦች ሳታስፈቅደኝ እንደምትናገረው ሰምቻለሁ። የሚሞከሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን መሰጠት ያለባቸው እጁ ሳይስት ነው። ምልክቱ ከሌለ ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም፤ ተሰጥቶም ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። ነጩ ጨርቅ ለዚህ ነው።

በየዓመቱ ከቤተሰቡ አሥራ አንዳችን ሆስፒታል እየሄድን ተመረመርን። ምድር ቤት ያለው ክፍል የዚያ ቆጣሪው ያልነው ጸጥተኛ ሰው፣ የእንቅስቃሴ መርማሪው ነበር። ሌባ ጣትን በአውራ ጣት ላይ አሥር ሰከንድ መምታት፣ የምትዘል ብርሃንን በዓይን መከተል፣ ወለሉ ላይ በተሰመረ መስመር መራመድ። ያንን ክፍል ወደድከው። ቤትህ ጠረጴዛ ላይ ጣትህን እየመታህ ስትለማመድ ባለቤትህ እንዴት እንደሳቀችብህ ነግራናለች። ፈተና መስሎህ ነበር፤ ተለማምደህ የምታልፈው።

ላይኛው ፎቅ ደግሞ ደም የሚቀዳበት ነው። ደረጃው ሥር ስንደርስ ፊትህ ነጣ። መርፌ ከማይ ሞት ይሻለኛል አልክ። ቀኑን ሙሉ አፉ ውስጥ መርፌ ነክሶ የሚውል ልብስ ሰፊ መርፌ ፈራ! እኔ ለሳቅ ከዚህ የተሻለ ምን አገኛለሁ? «ጠዋት በራስህ ስም ተወጋ፣ ከሰዓት በኔ ስም ግባልኝ፤ አንድ አባት፣ አንድ እናት፣ አንድ ደም አይደለን?» አልከኝ። ጃኬትህን አደረግኩ፣ ኮፍያህን ደፋሁ፣ መነጽርህን ሰካሁ፣ በስምህ ፈረምኩ። ነርሷ ጠዋት አንድ ወንድምዎ መጥቶ ነበር፣ ቁርጥ እሱን ነዎት ስትለኝ፣ እሱ መልኩ ትንሽ ይበልጠኛል አልኳት። ስንወጣ ግድግዳ ተደግፈን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዓመቱ ደገምነው። በሦስተኛውም ደገምነው። ጥፋቱ የኔም ነው፤ አልሸሽም፤ እንዲያውም ክንዴ ያንተን ድርሻ ጭምር ስለተበሳ ከአንተ በላይ የማዝንበት ምክንያት አለኝ።

በዚያው በሦስተኛው ዓመት መኪናህ ስፌት እየዘለለ አስቸገረኝ ብለህ አመጣህልኝ። ፈታሁት። ማመላለሻውን ቀየርኩ፣ የክሩን ውጥረት አስተካከልኩ፣ መለስኩልህ። በሁለት ሳምንቱ ይዘኸው መጣህ። ደግሜ ፈታሁት። ሦስተኛ ጊዜ ስታመጣው ራሴ ቁጭ ብዬ አንድ ሙሉ ሱሪ ሰፋሁበት፤ ስፌቱ እንደ ክር ቀጥ አለ። መኪናው ጤነኛ ነው ስልህ ተቆጣህ። ሠላሳ ዓመት ብልሽት ስፈልግ የኖርኩ፣ መጽሐፍ እየገለበጥኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ ባይ፣ ብረቱን ሦስቴ ስፈታ ጨርቁን የሚገፋውን እጅ ቀና ብዬ አላየሁም። አንተ ግን አይተኸው ነበር።

ከዚያ እናንተ ከተማውን ለቃችሁ ሄዳችሁ። ልጅህ ሥራዋን አልተውም ብላ እኛ ጋ ቀረች፤ መዋለ ሕፃናቱ ያለ እሷ አይሆንለትም። ጥናቱ ውጤቱን ማወቅ ለሚፈልግ ይነገራል ሲል እኔ ጠየቅኩ፤ በሽታው የለብህም የሚል ወረቀት ደረሰኝ። ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ፤ ለማንም አልነገርኩም፣ አሁን አንተ አወቅክ። አንተም ከዚያ ሆነህ ውጤቴን ላኩልኝ ብለህ ጻፍክ። ደሙ የማን እንደሆነ እያወቅክ ጻፍክ። ወረቀቱ ሲደርስህ ፎቶ አንስተህ ለልጅህ ላክህላት፤ ከሥሩም ተመስገን በይ ብለህ ጻፍክባት።

ምሳ ላይ ነበርን። ስልኳን ለሁላችን እያዞረች አሳየችን። ባለቤቴ እልል አለች። እኔ እንጀራዬን ትቼ ተነሣሁ። ጓሮ ወጥቼ ስደውልልህ ያልከውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «አንድ ደም ነን፣ ያንተ ነፃ ከሆነ የኔም ነፃ ነው፤ ይልቅ ልጅቷን አታስደንግጥብኝ» አልከኝ። ዶክተሯ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ብላ ያስረዳችውን ሰምተህ እንዳልሰማህ ሆንክ። እኔ ደግሞ መስማት የፈለግኩት ያንተን ስለነበር ስምንት ወር ሙሉ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ልጅህ በዚያ ወረቀት ተማምና ስሟን ከጥናቱ ዝርዝር አሰረዘች። አባቴ ላይ ከሌለ እኔ ጋ ከየት ይመጣል አለች፤ እውነቷን ነው፣ ወረቀቱ እውነት ቢሆን። እሷና እጮኛዋ፣ ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ለልጅ ስም መምረጥ ጀመሩ። ገና ያልተፀነሰ ልጅ ሁለት ስም አለው።

ባለፈው ወር ዶክተሯ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ፊቷ አላማረኝም። የደሙን ምልክት ልትተወው እንደሆነ ነገረችን። የሰው ስም አልጠራችም፤ እንዲህ ብቻ አለች፦ ከምንከታተላቸው ሰዎች መካከል የአንድ ሰው ጣት ሦስት ዓመት በተከታታይ እየዘገየ ሄዷል፣ ዓይኑም ብርሃኗን መከተል እያቃተው ነው፤ ደሙ ግን እንደ ጤነኛ ሰው ጸጥ ብሏል። እንዲህ ያለውን ሰው የማያገኝ ምልክት ይዤ ሌላውን አንተ ታመሃል፣ አንቺ አልታመምሽም ልል አልችልም አለች። ሰባት ዓመት የሠራችበት ነው። ይህን ስትል በእጇ የያዘችውን እስክሪብቶ ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

እኔ የሆንኩትን ልንገርህ? ቀለድኩ። ምናልባት ያ ሰውዬ ደሙን ቤት ረስቶት መጥቶ ይሆናላ አልኩ። ሌሎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ቀና ብላ አየችኝ። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባኝ። ጣቱ የዘገየው ሰው፣ ደሙ ጸጥ ያለው ሰው፤ አንዱ አንተ ነህ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ ጽፈን ሰጥተናታል።

ሌሎቹ ሲወጡ ተከትያት ክፍሏ ገባሁ። ቆሜ እንደ ተማሪ ተናዘዝኩ፤ ጃኬቱን፣ ኮፍያውን፣ መነጽሩን፣ ፊርማውን ሳይቀር። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ ያንተን መስመር ከፍታ ረጅም ጊዜ አየችው። «ሥራዬን ልጥለው የነበረው ለአንድ ኮፍያ ነው ማለት ነው?» አለች። ይቅርታ ልል ስጀምር እጇን አንሥታ አስቆመችኝ፤ «እርስዎ ቀልደኛ ሰው ነዎት ይሉኛል፤ ዛሬ ግን እባክዎ ይውጡልኝ» አለችኝ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ከክፍል ተባረርኩ።

በሳምንቱ ጠራችኝ። ደማችን በየዓመቱ በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ያንተ ስም ያለባቸውንና የኔን አውጥተው አስተያይተዋቸዋል፤ ሁሉም የአንድ ሰው ነው። መስመርህ ተሰረዘ። እሱ ሲወጣ በሌሎቹ ላይ ምልክቱ ምንም አልሳተም፤ ጣታቸው የዘገየው ሁሉ ደማቸው ቀድሞ ተናግሯል። ዶክተሯ ግን አልፈነጠዘችም። ሰርዤ የማሸንፈው ሥራ ሥራ አይደለም፣ የእሱ የራሱ ደም ያስፈልገኛል፤ ምልክቱ እሱንም ይዞት እንደሆነ ልይ፣ ስቶትም ከሆነ ልይ አለች። አንተ ባለህበት ከተማ ላለ ሆስፒታል ጽፋለች፤ አድራሻውን በሌላ ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። አንድ ብልቃጥ ነው። ከመቀመጥ እስከ መነሣት ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስድስት ጊዜ የተወጋ ሰው ነው የሚነግርህ።

እስከዚህ ድረስ እንኳ አልተቆጣሁህም ነበር። ፈሪ ነው አልኩ፤ ፈሪን ማሾፍ እንጂ መጥላት አላውቅበትም። ስወጣ ቆጣሪው ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። ወሬው ደርሶታል። ውጤቱን ለማንም መናገር አይፈቀድለትም፤ አልነገረኝምም። የነገረኝ ሌላ ነገር ነው። ወንድምህ ጣቱን በመታ ቁጥር በከንፈሩ ይቆጥር ነበር አለኝ። በሁለተኛው ዓመት ሲጨርስ ‹አምና ከዚህ በስምንት ይበልጥ ነበር› ብሎ ራሱ ነገረኝ፤ በሦስተኛው ዓመት ሲጨርስ ምንም ሳይል ተነሥቶ ሄደ አለኝ።

እንግዲህ መርፌ ብቻ አልነበረም የፈራኸው። የመጀመሪያውን ዓመት የመርፌ ፍርሃት ነው ልበልልህ፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን በከንፈርህ ቆጥረህ ታውቅ ነበር። ታውቅ ስለነበር ደምህን ደበቅክ፤ የኔን ደም ለራስህ ሽፋን አደረግክ፤ ያ አልበቃ ብሎህ ያንኑ ደም ወረቀት አድርገህ ለልጅህ ሰጠሃት። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው አታልያለሁ፤ እህታችንን በየዓመቱ ሳላታልል አልቀርም። ማንንም ግን ልጅ ውለጂ ብዬ አላታለልኩም። ደሜ ፈላ ይባላል፤ እውነትም ፈላ፤ ደግነቱ ይህኛውን ማንም አልቀዳውም።

ደወልኩልህ። አታካብድ አልከኝ። ዶክተር ሆንክብኝ እንዴ፣ አንተ መኪና ጠጋኝ አልከኝ። አዎ መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ ያንተን መኪና ሦስት ጊዜ ፈትቼ ጤነኛ መሆኑን የመሰከርኩ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ እሷ ሳታውቅ ጥቂት ዓመት ብትደሰት ምን ይጎዳታል አልከኝ። መልስ ሳልሰጥህ ስልኩን ዘጋህ። መልሱ ይኸውልህ፦ አባታችንን ማን አጥቦ ማን እንዳበላው ታስታውሳለህ? እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ አንተ አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። ብንጠረጥርም ማንም በሽታ ነው ብሎ ስላልነገረን እንደ ሰካራም ስንጣላው ኖርን፤ በሽተኛ መሆኑን በእርግጥ ያወቅነው ከቀበርነው በኋላ ነው። ያንን ነው ለልጅህ በደስታ ስም ልታወርሳት የፈለግከው።

ዶክተሯ ለልጅህ የመናገር መብት የላትም፤ ያንተ ጉዳይ ነውና። አንተ ደግሞ ስልክ ትዘጋለህ። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት እኔ ነገርኳት። የሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ለተማሪዎቿ ከባለቀለም ወረቀት ዓሣ እየቆረጠች ነበር። ከጃኬቱ ጀምሬ እስከ ቆጣሪው ነገርኳት። መቀሱን አላቆመችም። የያዘችውን ዓሣ እስከ ጭራው ቆርጣ ጨርሳ፣ «አባቴ ያውቅ ነበር?» አለችኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ እንደምችልበት ታውቃለህ። ያውቅ ነበር አልኳት። ዓሣውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ «ታዲያ ያ ወረቀት ያንተ ነዋ፣ አጎቴ? እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ እኔ በእሷ ስቀልድ ኖሬ አንድ ቀን እንዲህ መልሳልኝ አታውቅም። 

አራት ቀን አላናገረችኝም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ፊቴን ግን አታይም። ስምንቱን ወር እያስከፈለችኝ ነው፤ ይገባኛል። ለእጮኛዋ ነገረችው። ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። መጥቶ ሳሎን ተቀመጠ፣ የተቃጠለ ሶኬት አይቶ ካቻቢቴ አምጡ አለ፣ ጠግኖ ሲጨርስ መቼ ነው ሆስፒታል የምንሄደው አላት። ይህን ሰው ውደደው። ባትወደውም እኔ ወድጄዋለሁ።

አምስተኛው ቀን ላይ ልጅህ ከመዋለ ሕፃናት ስትመጣ በቀጥታ ሱቄ ገባች። እንድለምንልሽ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት፤ አባትሽ ደሙን እንዲሰጥ ደግሜ ልደውል? «አልለምነውም፤ የኔን እሰጣለሁ» አለች። ስሟን ወደ ዝርዝሩ አስመለሰች። በሽታው በእሷ ላይ እንዳለና እንደሌለ እንዲነገራትም ፈረመች።

ዛሬ ጠዋት ሄድን። አዲስ ደንብ ወጥቷል፤ ማንም ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ሳያሳይ አይቀዳም። ነርሷ ፎቶውን ከፊታችን ጋር እያስተያየች ነው የምታስገባን። እኔ ሸኚ ነኝ ብላትም ኮፍያዬን አስወልቃ አየችኝ። እህታችን ይህ ሁሉ በማን እንደመጣ ስላወቀች መንገዱን ሙሉ ስትረግመን መጣች፤ ግማሹን ርግማን አስቀምጬልሃለሁ። ልጅህ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች። መርፌው ሲገባ ፊቷን አላዞረችም፤ ብልቃጡ እስኪሞላ ድረስ አየችው። ስሟንም ነርሷ ስትለጥፍ ጮክ ብላ አነበበች፣ የሷ መሆኑን ለማረጋገጥ።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ውጤቱ በስድስት ሳምንት ይደርሳል። በሽታው በእሷ ላይ ከሌለ፣ ያንተን ነገር አሁንም ማንም አያውቅም፤ ጣትህ እስኪናገር ልትደበቅ ትችላለህ። ካለ ግን ከአንተ በቀር ከየትም ልታመጣው አትችልም። የእሷ ወረቀት ያንተም ወረቀት ይሆናል። አንተ ሦስት ዓመት የሸሸኸውን ነገር ልጅህ ክንዷን ዘርግታ ልትቀበልልህ ነው። ከዚያ በፊት ደምህን ስጥ። ውጤቱን ለብቻዋ ከፍታ ያንተንም የራሷንም አንድ ላይ ከምታነብ፣ አባቷ ቀድሞ አንብቦ፣ «እኔ ጋ አለ ልጄ፣ አወቅኩት፣ አለሁልሽ» ቢላት ምንኛ በተለየ። ለዶክተሯ ብለህ አይደለም፤ ለጥናቱም ብለህ አይደለም። ለእኔም አይደለም፤ እኔ ባንተ ላይ ገና አልበረደልኝም።

ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ስለ እጅህ ምን ያህል እንደምታውቅ ሳላውቅ ይህን ስለጻፍኩ ይቅር ትበለኝ፤ የሸሚዝህን ቁልፍ የምትቆልፈው እሷ ከሆነች ግን ታውቃለች። ለእናቷ ጉልበታቸው እንዲበረታ እመኛለሁ በልልኝ። ባለቤቴ ትስምሃለች፤ ማኩረፍ አትችልበትም። እህታችን ሰላም በለው ካለች በኋላ ቃሏን መልሳ ወስዳለች፤ ነገ ደግማ እንደምትሰጥህ እርግጠኛ ነኝ። የልጅህ እጮኛ ሰላምታም አለበት፤ ገና ሳያውቅህ አባባ ይልሃል።

ልጅህ ሰላምታ አልላከችም። ልጻፍልሽ ወይ ብያት ነበር። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ ዶክተሯ ለውጤት ብቻሽን አትምጪ ብላታለች፤ ከጠረጴዛዋ ፊት ሦስት ወንበር አለ። አንዱ የእሷ ነው፣ አንዱ የእጮኛዋ። ሦስተኛው ላይ እኔ እንድቀመጥላት ጠየቀችኝ። ከአራት ቀን ኩርፊያ በኋላ ይህን ስትለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልገልጽልህ አልችልም፤ ግን አልቀመጥም አልኳት። ከበሩ አጠገብ ቆሜ እጠብቃታለሁ፣ ስትወጣም አቅፌ ቤት አገባታለሁ። በአንተ ፈንታ ግን ከእንግዲህ የትም አልቀመጥም። መጥተህ ተቀመጥበት፤ ካልመጣህ ባዶውን ይቆይ፣ እሷም ባዶ መሆኑን ትየው።

ታላቅ ወንድምህ

ከሱቄ፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን